መጥሪያ «ወጣ» እና መጥሪያ «ደረሰ»

ፍርድ ቤት ደጅ የጠና ሰው «ፋይሉ የት ደረሰ?» የምትለዋን ጥያቄ ያውቃታል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሱ ፈቃድ ከወጣ ፋይሉም አብሮት ፈቃድ ይወጣል።

የመዝገብ አስተዳደር ሶፍትዌር ሲባል ብዙዎች ወረቀቱን ስካን አድርጎ ኮምፒውተር ውስጥ መክተት ይመስላቸዋል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር አንድ ነገር ሲከሰት ሶፍትዌሩ ቀጣዩን ሥራ ራሱ መቀስቀሱ ነው። ክስ ሲመዘገብ መጥሪያ ይዘጋጃል፤ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ሲሰጥ የይግባኙ 60 ቀን መቆጠር ይጀምራል፤ ቀኑ ሲቃረብ ለጠበቃው መልእክት ይላካል። «ማን ያስታውሰው?» ብሎ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገሮች አይምታቱብን፤ «ሲሆን» እና «ከሆነ»። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሲኤምኤምኤን የተሰኘው የጉዳይ አስተዳደር መስፈርትም ሁለቱን ይለያቸዋል። ቀስቃሹ ክስተት ለብቻው፣ መሟላት ያለበት ቅድመ ሁኔታም ለብቻው ይቀመጣል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችንን አንቀጽ 70 እንውሰድ። ከሳሽ ቀርቦ ተከሳሽ ሲቀር፣ መጥሪያው በአግባቡ መድረሱ ከተረጋገጠ ጉዳዩ ተከሳሹ በሌለበት ይሰማል። ካልደረሰው ግን ሌላ መጥሪያ ይወጣል። ሶፍትዌሩን የሠራው ባለሙያ «መጥሪያ ደረሰ» በሚለው ፈንታ «መጥሪያ ወጣ» የሚለውን ይዞ ከተነሳስ? መጥሪያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሲስተሙ «ተከሳሽ ተጠርቶ አልቀረበም» ይላል። ሰውየው ስለ ክሱ መጀመሪያ የሚሰማው ቤቱ ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሊሆን ይችላል። አንዲት ግስ ቤት ታሳጣለች ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሲስተም ለሚያስገቡ ሁሉ የምለው አለኝ። ደንቦቹን ለፕሮግራመር ብቻ አትተዉ፤ መጥሪያ አድራሹና ሬጅስትራሩም አብረው ይቀመጡ። ማስታወስንና ቀን መቁጠርን ለማሽኑ ስጡት፤ «በሌለበት ይታይ» ማለትን ግን ለዳኛ ተዉለት። ሲስተሙ በራሱ የወሰደው እያንዳንዱ እርምጃ መቼና በምን ምክንያት እንደተወሰደም ተመዝግቦ ይቀመጥ። መብቱን ያጣ ባለጉዳይ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ «ሲስተሙ ነው» የሚል መልስ አይበቃውምና።