«ሙሉ»፣ «ጎዶሎ» እና «ፍጹም» በቁጥር ስያሜ

የሒሳብን ቃላት በአማርኛ ለመሰየም ስንነሣ ከሚያስቸግሩን አንዱ «ሙሉ» የሚለው ቃል ነው። ችግሩን በአንድ ቁጥር፣ ይኸውም በ33,550,336 (በግእዝ አኃዝ ፴፫፻፶፭፼፫፻፴፮) እንፈትነው።

ይህ ቁጥር ክፍልፋይ የለበትምና የሒሳብ መጻሕፍት «ሙሉ ቁጥር» ይሉታል። ለሁለት እኩል ስለሚከፈል ሕዝቡም በዕለት ንግግሩ «ሙሉ» ይለዋል፤ ተቃራኒውን «ጎዶሎ» እንደሚል ሁሉ። ሦስተኛም ጠባይ አለው። ከራሱ በቀር ያሉት 25 አካፋዮቹ፣ ከ1 እስከ 16,775,168፣ ቢደመሩ መልሰው ራሱን ይሰጣሉ። በትንሹ ለማየት 28ን ብንወስድ፣ 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ተደምረው 28 ይሆናሉ። ግሪኮች እንዲህ ያለውን ቁጥር «ቴሌዮስ» ብለውታል። ይህንንም «ሙሉ» ብንለው አንድ ቃል በአንድ ቁጥር ላይ ሦስት ጊዜ ይወድቃል።

ጉዳቱ የቃላት መደራረብ ብቻ አይደለም። ለሁለት የማይከፈል ቴሌዮስ ይኖር እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ይህን ታላቅ ጥያቄ «ጎዶሎ የሆነ ሙሉ ቁጥር ይኖራልን?» ብለን ብንጽፈው፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ 3ን እና 5ን ጠቅሶ ይስቅብናል። እንዲሁም የአካፋዮቹ ድምር ከራሱ የሚያንሰውን ቁጥር «ጎዶሎ» ብንለው፣ 8 «ሙሉ» ሳለ «ጎዶሎ» ሊባል ነው።

ስለዚህ «ሙሉ» ክፍልፋይ ለሌለበት ብቻ እንዲቀር፣ ለሁለት የሚከፈለው «ተጋማሽ»፣ የማይከፈለው «ኢተጋማሽ» እንዲባል እንመርጣለን። ቴሌዮስ «ፍጹም» ይሁን። ቃሉ የምግባር ሽታ አለው የሚሉ አሉ፤ የግሪኩም ቃል ከዚያ የጸዳ አልነበረም። የአካፋዮቹ ድምር እንደ 12 ከራሱ የሚበልጠውን «ትሩፍ»፣ የሚያንሰውን «ሕጹጽ» ብንለው ይስማማል፤ «ሕጸጽ» የሚለውን የሚያውቅ አንባቢ አይቸገርምና። «ጎዶሎ»ን ግን ከገበያና ከመንገድ ንግግር ልናወጣው አንችልም፤ አንሻምም።

በዚህ ስያሜ 33,550,336 ተጋማሽና ፍጹም የሆነ ሙሉ ቁጥር ነው። 12 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው 4,096 ይሰጣሉ፤ ይህም ብቸኛ ቁጥር በሆነው በ8,191 ሲባዛ የተነሣንበት ቁጥር ይገኛል። እንዲህ ያለው ብዜት ሁልጊዜ ፍጹም መሆኑን ኤውክሊድ በ«ኤሌመንትስ» ዘጠነኛ መጽሐፍ አስረድቷል። ተጋማሽ ፍጹማን ሁሉ ከዚህ መልክ እንደማይወጡ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ያረጋገጠው ኦይለር ነው። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. የታወቁት 52 ናቸው። የጌራሳው ኒቆማኮስ በየአኃዙ ብዛት አንድ አንድ ፍጹም ቁጥር ያለ መስሎት ነበር፤ ከ6፣ ከ28፣ ከ496 እና ከ8,128 በኋላ የመጣው ግን ባለ ስምንት አኃዙ ቁጥራችን ነው።

8,191 ራሱ ብቸኛ፣ ኢተጋማሽና ሕጹጽ ነው። በተለመደው አነጋገር ቢሆን ሁለት ጊዜ ጎዶሎ በተባለ ነበር።