ስለ ጣርማ በር ገደልና ስለ ይፋት ቆላ አፈር

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ደጋው በአንድ ጊዜ ያልቅበታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ጉም በለበሰው ገደል አፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት፥ ከእግሩ በታች ደብረ ሲና፥ ከዚያም ወዲያ የይፋት ቆላ ተዘርግቶ ይታየዋል። በዚያ ቆላ ያለችው ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,280 ሜትር ገደማ ነው። ገብስ ከሚዘራበት ብርድ ማሽላና ማሾ ወደሚበቅልበት ሙቀት የሚወረደው በጥቂት ሰዓት ነው። ይህ ገደል እንዴት ቆመ? ዛሬስ ሥራው አልቋልን? ብሎ መመርመር የሊቃውንት ብቻ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱ አፈርን፥ መንገድንና የሰውን ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ፥ አገር የሚያስተዳድሩትም ሕዝብ የሚያስተምሩትም ሊያውቁት የሚገባ ነው።

የምድር ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። በኋላም ሌላ እሳተ ገሞራ በላዩ ጨመረበት፤ ከዚህ የኋለኛው ድንጋይ አንዱ ክፍል በጣርማ በር ስም በሊቃውንቱ መጻሕፍት ይጠራል። ከዚያም ምድር ተሰንጥቃ አንዱ ወገን ሲቀመጥ ሌላው ወገን ከፍ ብሎ ቀረ፤ የይፋት ቆላ የተቀመጠው ወገን፥ የጣርማ በር ደጋ ከፍ ብሎ የቀረው ወገን ነው።

ድንጋይ ከምድር ጥልቀት ወደ ላይ የቀረበበትን ዘመን የሚቈጥረው ጥበብ ቴርሞክሮኖሎጂ ይባላል። ነገሩን በማኅተም መመሰል ይቻላል። ሰም በእሳት ሙቀት ሳለ ማኅተም ቢመታበት ምልክቱ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን የተመታበትን ይዞ ይኖራል። አፓታይት የሚባለው ጥቃቅን ማዕድንም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያለው ዩራኒየም ከራሱ ሲሰነጠቅ በማዕድኑ ላይ እንደ ጭረት ያለ ዱካ ይተዋል፤ ሙቀቱ ከ110 ዲግሪ ገደማ በላይ ከሆነ ግን ዱካው ይሽራል። ከዩራኒየም የሚወጣው ሂሊየም የተባለው ጋዝም ከ70 ዲግሪ ገደማ በላይ ያመልጣል፥ ከዚያ በታች ይከማቻል። ወደ ምድር ውስጥ በተገባ ቍጥር በየኪሎ ሜትሩ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፥ ዱካውን በማይክሮስኮፕ የቈጠረና ጋዙን የለካ ሊቅ፥ ድንጋዩ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ የነበረበትን ዘመን ያውቃል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ምድር ከፍ ማለቷና ድንጋይ መቀዝቀዙ አንድ ነገር አይደለም። አገር ሁሉ ቢነሣና ከላዩ ምንም ባይገፈፍ፥ ከውስጥ ያለው ድንጋይ ሙቀቱን እንደ ያዘ አብሮ ይነሣል እንጂ አይቀዘቅዝም። የሚቀዘቅዘው ዝናብና ወንዝ ከላዩ ያለውን ክዳን ሲያነሡለት ነው። ስለዚህ ይህ ቍጥር በቀጥታ የሚመሰክረው ስለ ተራራው መነሣት ሳይሆን ስለ መገፈፉ ነው።

በይፋት ገደል ላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ለዚህ ምርመራ የሚመች አፓታይት እምብዛም አይገኝበትም። የዓባይ ሸለቆ ግን ያንኑ ደጋ ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ድንጋይና ከእርሱም በታች ያለውን ጥንታዊ ድንጋይ ስለ ገለጠ፥ ምርመራው በዚያ ተደረገ። ራፋኤል ፒክና ባልንጀሮቹ በ2003 በአውሮፓ አቈጣጠር ባወጡት ጥናት፥ ዓባይ ደጋውን መቍረጥ የጀመረው ከ25 እስከ 29 ሚሊዮን ዓመት በፊት መሆኑን፥ ደጋውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከፍ ያለ መሆኑን ከሂሊየም ቍጥር አስረዱ። በ2007 በአውሮፓ አቈጣጠር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የወንዙ ቈረጣ ከ10፥ ይልቁንም ከ6 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ እንደ ፈጠነ ገለጠ። የሁለቱ ክርክር ስለ ፍጥነቱ እንጂ ሥራው ረዥም ስለ መሆኑ አይደለም። የፈጣሪን ዘመን በሰው ስፍር መስፈር እንደማይቻል የሚያስተምሩ ካህናት በዚህ ርዝመት የሚደነግጡ አይደሉም።

የይፋት ገደልም ሥራውን ገና አልፈጸመም። ከግንቦት 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ የተነሣው የምድር መናወጥ ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን ያሉትን የካራ ቆሬንና የማጀቴን ቤቶች አፈረሰ። በ1998 ዓ.ም. መግቢያም በደብረ ሲና አጠገብ በይዛባ ወይን መሬቱ ተንዶ ብዙ ቤተ ሰብ ከቤቱና ከርስቱ አፈናቀለ። ክረምት በመጣ ቍጥር ሮቢና ጀውሃ ደፍርሰው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። የቆላው እርሻ የለማው ከደጋው በወረደ አፈር ነው ማለት ሐሰት አይደለም።

ይሁን እንጂ መጠን ያለው ነገር ነው። የዓባይ ሸለቆ ጥልቀት 1,500 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ይህ ለ25 ሚሊዮን ዓመት ቢከፈል ለአንድ ሚሊ ሜትር 17 ዓመት ያህል ይደርሳል። ስለ አፈር ጥበቃ በኢትዮጵያ ብዙ የደከሙት ሃንስ ሁርኒ ግን በታረሰው የደጋ መሬት ላይ በያመቱ ከአንድ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን፥ ይኸውም 4 ሚሊ ሜትር ያህል አፈር እንደሚጠረግ ገምተዋል። ለዚህ ዓይነት ምርመራ ከተቋቋሙት ጣቢያዎች አንዱ አንዲት ጥድ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የሚገኝ ነው። ታላቁ ወንዝ በስድሳና በሰባ ዓመት የሚሠራውን ያህል፥ ሞፈር የነካው ተዳፋት በአንድ ዓመት ያጣል ማለት ነው። የወንዝ ሸለቆና የእርሻ ማሳ አንድ ባይሆኑም፥ ልዩነቱ ማንንም ሊያነቃ የሚበቃ ነው። ከላይ ያለው ገበሬ አፈሩን ሲያጣ ከታች ያለውም ሁልጊዜ አይጠቀምም፤ ጎርፍ ጠጠርና ድንጋይ ይዞ በማሳው ላይ የሚተኛበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ምድርን የሚሰነጥቀውን ኃይል ሹም በትእዛዝ፥ ካህንም በስብከት አያቆመውም። አፈሩን ግን ማቆም ይቻላል። እርከን መሥራት፥ ፈሰስን በልክ ማውጣት፥ ቀጥ ያለውን ተዳፋት ከሞፈር ማሳረፍ፥ መንገድና መንደር ሲታሰብ የሚናደውን ቦታ አስቀድሞ ማስመርመር የሹማምንት ተግባር ነው። ካህናትም ምስክር ፍለጋ ሩቅ አይሄዱም፤ ዙሪያው በታረሰ አገር መካከል ዛፍና አፈር ተጠብቆ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነው። የዐጸዱ ልማድ ከቅጥሩ ወጥቶ እስከ ማሳው ጫፍ ቢደርስ፥ ጣርማ በር ለልጅ ልጅ እህል የሚያበቅል ደጋ ሆኖ ይኖራል፤ ካልደረሰ ግን በሚሊዮን ዓመታት የተዘጋጀው አፈር በጥቂት ትውልድ ታጥቦ፥ የሚቀረው ባዶ ድንጋይ ብቻ ይሆናል።