ከአጋዘኗ ይልቅ ያስፈራን ዩኒፎርም

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሦስት ወንዶችና አንዲት እህታችን ሆነን ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ጀበናና በሶ ጭነን ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣን። መድረሻችን በቨርጂኒያ የሚገኘው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነበር። የስደት ኑሮ ከሥራ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሥራ ሆኖብን ስለ ከረመ፣ የአገራችንን ተራራ ባናገኝ የሰው አገር ተራራ እንይ ብለን የተነሳንበት ጉዞ ነው።

ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ ከፍሮንት ሮያል ከተማ ተነስቶ በብሉ ሪጅ ተራሮች አናት ላይ 105 ማይል ይጓዛል። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ብቻ ነው። መኪና አቁሞ ሸለቆውን ቁልቁል ማየት የሚቻልባቸው 70 ያህል ቦታዎች አሉት። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ለብሶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሊማሊሞን አስታውሶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ልናድርበት ያሰብነው ቢግ ሜዶውስ ታሪክ ያለው ሜዳ ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፓርኩን የመረቁት እዚያ ላይ ሲሆን ቀኑም እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1936 ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ ያወገዙት ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ነው። እነሱ ፓርክ ሲመርቁ እኛ አገር ተነጥቀን ነበር እየተባባልን፣ በየመመልከቻው ስንቆም መሸብን።

ጀንበር ከጠለቀች በኋላ አንዲት አጋዘን ከጫካው ዘላ መንገዱ ውስጥ ገባች። አሽከርካሪው ወንድማችን መሪውን አልጠመዘዘም፤ ፍሬኑን ብቻ ረገጠ። አልተረፈችም። የግራው የፊት መብራት ረገፈ፣ ኮፈኑ ታጠፈ፣ የራዲያተሩ ውሃ አስፋልቱ ላይ መፍሰስ ጀመረ። አጋዘኗ ጥቂት ተንፈራግጣ ጸጥ አለች።

የወንድማችን የመጀመሪያ ቃል "ፖሊስ ሳይመጣ እንሂድ!" የሚል ነበር። መኪናዋ እንጀራው ናት፤ ሰው እያመላለሰባት ቤተሰቡን ያስተዳድራል። የጥገኝነት ማመልከቻው ደግሞ ለዓመታት ውሳኔ ሲጠብቅ ኖሯል። ስሙ በፖሊስ መዝገብ ላይ ከሰፈረ ሁሉም ነገር ያበቃለት መሰለው።

እውነቱን ለመናገር፣ የእኛም እግር ወደ መኪናው ነበር የተራመደው። የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርንበት ዘመን፣ የአዋሽን ፓርክ ሰንጥቆ በሚያልፈው የጅቡቲ መንገድ ላይ ሾፌራችን በምሽት ፍየል ገጭቶ ነበር። "ንዳ!" ያልነው እኛ ነን። የባለ ፍየሉን ቁጣ ብቻ ሳይሆን ነገሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ከሄደ የሚከተለውን ፈርተን ነበር። በዚያው ሰሞን ስለ ትራፊክ አደጋ ርዕሰ አንቀጽ ጽፈናል።

ያስቆመችን እህታችን ናት። "ሰው አልገደልን፤ ምን አድርገን ነው የምንሸሸው?" ብላ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ፈልጋ ደወለች።

ሬንጀር የሚባለው የፓርኩ ጠባቂ ሽጉጡን ታጥቆ መጣ። የመጀመሪያ ጥያቄው "የተጎዳ ሰው አለ?" የሚል ነበር። ወንድማችን መንጃ ፈቃዱን ሲሰጠው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውዬው መዘገበ፣ አጋዘኗን ከመንገድ አወጣ፣ ለኢንሹራንስ የሚሆን የሪፖርት ቁጥር ሰጠን። ከየት እንደ መጣን አልጠየቀም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። አጋዘን መግጨት ወንጀል አይደለም። በብሔራዊ ፓርኮች ደንብ ግን ንብረት የተጎዳበት አደጋ ያጋጠመው አሽከርካሪ በተቻለው ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ይገባዋል። ጥፋት ያልነበረውን ጥፋት ልናደርገው የነበርነው እኛው ነን፤ በመሸሻችን።

ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው። አጋዘን ሲገጭ የሚከፍለው ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ሽፋን ነው። ላያቢሊቲ ብቻ የያዘ ሰው ለራሱ መኪና ምንም አያገኝም። አጋዘኗን ለማዳን መሪ ጠምዝዞ ዛፍ የገጨ ደግሞ ኮሊዥን ወደሚባለው ሌላ ሽፋን ይገባል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ወንድማችን ሙሉ ሽፋን የነበረው መኪናዋን የገዛበት ብድር ስላስገደደው ነው። ከራሱ ኪስ የሚጠበቅበትን 500 ዶላር ተካፈልንለት።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የአጋዘኖች የመራቢያ ወቅት ነው። ሲነጋና ሲመሽ መንገድ ያቋርጣሉ። አንዷ ካለፈች ሌሎች ሊከተሏት ስለሚችሉ ፍጥነት መቀነስ ይበጃል።

ይህን ስንል የስደተኛ ፍርሃት ሁሉ መሠረት የለውም ማለታችን አይደለም። በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ያላለቀለት ወገን ዩኒፎርም ሲያይ ቢደነግጥ የምንፈርድበት አይደለም። ነገር ግን ፍርሃቱ የትኛው ከዚህ አገር የመጣ፣ የትኛው ከዚያ ተሸክመነው የመጣን እንደሆነ መለየት ይጠቅማል። የእኛን ከአዋሽ መንገድ ጀምሮ ተሸክመነው ኖረናል።

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ አባቶች። ያን ማታ አልደረሰም። ከሸሸን ግን በእግራችን ሄደን ልናገኘው ነበር።

ቸር ይግጠመን።