ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ አጸድ

በቤቱ አጸድ ዛፍ ሊተክል የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የጥላውን ስፋት፣ የቅጠሉን ልምላሜና የአበባውን ኅብረ ቀለም ነው፤ ይህም የሚያስነቅፍ ባይሆንም፣ ከዛፉ ጋር በየዕለቱ የሚውሉት አዕዋፍና ንቦች የሚሹት ሌላ መሆኑን ያላሰበ እንደ ሆነ፣ ብዙ ደክሞ ያሳደገው ዛፍ ዓይንን ደስ እያሰኘ ለእነዚያ ፍጥረታት ግን አንዳች የማይሰጥ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ወፍንና ንብን ወደ ግቢው ሊጠራ የሚወድ ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ዋና ጥያቄ «የትኛው ዛፍ ይበልጥ ያማረ አበባ አለው?» የሚለው ሳይሆን «በግቢዬ አበባ የሚጠፋው በየትኛው ወር ነው?» የሚለው ነው፤ በአንድ ወቅት ብቻ በአበባ ተሸፍኖ በቀረው ጊዜ ጭው የሚል አጸድ፣ አንድ ወር ደግሶ አሥራ አንዱን ወር የሚያስጾም ባለጸጋን ይመስላልና።

ጥያቄው ከመመለሱ በፊት የተጋባዦቹን ጠባይ ማወቅ ይገባል። አዕዋፍ ቀይና ብርቱካናማ ቀለምን ከሩቅ የሚለይ ዓይን ስላላቸው፣ ለእነርሱ የተመቹት አበቦች በአብዛኛው ደማቅና ረዣዥም፣ መዓዛቸው እምብዛም የማይታወቅ፣ ወለላቸው ግን ቀጠን ያለና የተትረፈረፈ ነው። ንብ በአንጻሩ ቀዩን ቀለም አጥርታ ለማየት የማይሆንላት ስትሆን፣ የሰው ዓይን ከቶ የማያየውን ከወይን ጠጅ ቀለም ባሻገር ያለውን ብርሃን ታያለች፤ ስለዚህም የምትመርጠው ነጩን፣ ቢጫውን፣ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን፣ ያውም መዓዛ ያለውንና እግሯን የምታሳርፍበት ስፍራ የማያሳጣትን ነው። በሌሊት የሚበርሩት የእሳት እራቶችም፣ እንደ ጠንበለል ባለ ሐረግ ላይ የሚፈነዳውን፣ በጨለማ የሚታይና መዓዛው የጸና ነጭ አበባ ይከተላሉ። እንግዲህ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ ተክሎ ሁሉንም ለመጥራት ማሰብ ከንቱ ድካም ነው።

ለአዕዋፍ ከሚተከሉት ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው በኢትዮጵያ ምድር ብቻ የሚበቅለው ቆርች ነው። በበጋ ወራት፣ ቅጠሉ በረገፈባቸው ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ፣ ወደ ቀይ ያደላ ብርቱካናማ አበባውን ወደ ሰማይ አቁሞ ሲታይ፣ ስሟን ከተከዜ ወንዝ የወሰደችውና በ1814 እ.ኤ.አ. በሥነ ፍጥረት ሊቃውንት መዝገብ የሰፈረችው ወለላ ቀሳሚ ወፍ ከየአቅጣጫው ትመጣበታለች። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር መስሎ ቢታይም፣ ፀሐይ ባረፈበት ጊዜ ላባው ሐምራዊና የመዳብ ቀለም ያንጸባርቃል፤ ከጅራቱም መካከል ሁለት ላባዎች ረዝመው ይወጣሉ። የአሜሪካ አገር ትናንሽ ወለላ ቀሳሚዎች በአየር ላይ ቆመው ሲመገቡ፣ የእኛዋ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአበባው አንገት ላይ ሰፍራ፣ ጎበጥ ያለ ምንቃሯን እስከ ሥሩ ድረስ አግብታ፣ ቱቦ በመሰለ ምላሷ ወለላውን ትስባለች፤ በዚህም መካከል ከአበባው ውስጥ የወጡት ቀጫጭን ክሮች ላባዋን እየዳሰሱ ብናኛቸውን ይቀቡታልና፣ ወደሚቀጥለው አበባ ስትበርር ሳታውቀው የዛፉን ዘር የማብዛት ሥራ ትሠራለች። አንዳንድ ጊዜ ግን በፊት ለፊት መግባቱን ትታ የአበባውን ግርጌ በጎን ወግታ ወለላውን ብቻ ወስዳ ትሄዳለች፤ ይህ ከዛፉ ወገን ሆኖ ለሚመለከተው ሌብነት ነው። ቆርች ከዚህ ሌላ፣ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል በቀላሉ ስለሚጸድቅ ለሕያው አጥር ይሆናል፤ የጥራጥሬ ወገን እንደ መሆኑም መሬቱን ያዳብራል። እሾሃምነቱንና የፍሬውን መርዛምነት ግን ሕፃናት ያሉበት ቤት አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ለቆርች የሚበቃ ስፍራ የሌለው ሰው በአጥሩ ሥር እሬት ቢደረድር፣ ረዣዥሞቹ ቀያይ አበቦች ያችኑ ወፍ ሊጠሩለት ይችላሉ።

የንቦቹን ነገር ለማስተዋል ግን የዓመቱን አቆጣጠር መከተል ይበጃል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ባለው በዘመነ ጽጌ፣ አደይ አበባ ሜዳውንና ገመገሙን ስለሚያለብሰው፣ ንብ የሰው እጅ ሳትጠብቅ ቀፎዋን ትሞላለች፤ በዚህ ወራት በግቢ የሚያብብ ዛፍ ጌጥ እንጂ መድኅን አይደለም። የዛፍ ሞያ የሚታወቀው ሣሩ ደርቆ ምድሩ ሲሰነጠቅ ነው፤ ሥሩን ወደ ጥልቁ ሰድዶ ከታች ያለውን ርጥበት ስለሚጠጣ፣ የሜዳው አበባ ባለፈ ጊዜ እርሱ ያብባልና። ክረምቱን ተከትሎ ነጫጭ አበቦቹን በእቅፍ በእቅፍ የሚያወጣው ዋንዛ፣ ንብን በወለላ ካጠገበ በኋላ፣ የሚያጣብቅና ጣፋጭ ቢጫ ፍሬ አፍርቶ ወፉንም የመንደሩንም ልጅ ያበላል። በበጋው የሚያብበው ኮሶ ወንዱና ሴቷ በየዛፉ የተለዩ ናቸው፤ ለመድኃኒትነት ሲነገርለት የኖረው የሴቷ አበባ ሲሆን፣ ንብ ብናኝ የምትለቅመው ግን ከወንዱ ነው፤ ስለዚህ ብርዳም ደጋ ላይ ኮሶ የሚተክል ሰው ሁለቱንም ይትከል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የዚህን ዛፍ ሥዕል አስገብቶ ለአውሮጳ ሊቃውንት አስተዋውቆታል። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ባለው ደረቅ ወቅት ደግሞ፣ የጠላ ጋን ሲታጠብ ቅጠሉ የሚፈለገው ግራዋ፣ ነጣ ያሉ ጥቃቅን አበቦቹን አብዝቶ ያወጣል፤ ቁመቱ በመቀስ ስለሚገታ ለጠባብ ግቢ እንደ እርሱ የሚስማማ የለም።

በልግ ገብቶ ሁለተኛው የማር ወቅት ሲቃረብ ተራው የብሳና ነው። ቅጠሉን ነፋስ ሲገለብጠው ጀርባው የሚነጣው ይህ ዛፍ፣ ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ ወደ ነጭ ያደላ ዘለላ አበባውን ሲያንዠረግግ፣ ከሥሩ የቆመ ሰው ንቦቹን ሳያይ ድምፃቸውን ይሰማል። በከፋና በሸካ ደኖች ዝነኛ የሆነውን ነጭ ማር የሚያስገኘው ጌተምም በዚሁ ወራት ገደማ ያብባል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ የሚጀምርና በኋላ የሚገዝፍ ስለሆነ፣ ሰፊ ይዞታ ላለው እንጂ በከተማ ቦታ ለተወሰነ ሰው አይመከርም።

ወለላ ብቻ አዕዋፍን ሁሉ አያጠግብም፤ ፍሬ የሚሹም ብዙዎች ናቸው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማትገኘው፣ ወንዱ በቀይ ግንባሩ የሚታወቀው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን፣ የጥድንና የሾላን ፍሬ ትወዳለች። ጥድና ዝግባ ብናኛቸውን በነፋስ የሚሰዱ ስለሆኑ ለንብ ወለላ የላቸውም፤ ሆኖም ለጎጆ መሥሪያና ለፍሬ ሲባል ከአጸዱ ሊጠፉ አይገባም። የሾላ ነገር ደግሞ እጅግ ይደንቃል፤ አበቦቹ በፍሬው ሆድ ውስጥ ተሰውረው የሚኖሩ ሲሆኑ፣ እጅግ ጥቃቅን ተርቦች በጠባቧ ቀዳዳ ገብተው ብናኙን ያደርሱላቸዋል። ጥቁር እንጨትና ወይራም በፍሬያቸው ርግቦችንና ሌሎች አዕዋፍን ይመግባሉ።

ከባሕር ማዶ የመጡትን ዛፎች በሚመለከት ፍርዱ በሚዛን ይሁን። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ጃካራንዳ በሐምራዊ አበባው ጎዳናዎቻችንን አስጊጧል፤ የአውስትራልያው ግራቪሊያ ወለላው የበዛ ነው፤ መገኛው ማዳጋስካር የሆነው የድሬዳዋ ዛፍም ለቆላ ከተማ ጥላና ቀይ አበባ ይሰጣል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ እንኳ ለንብ አናቢው ብዙ ማር ያስገኝለታል፤ ይሁን እንጂ ውኃ አብዝቶ ስለሚጠጣና በሥሩ ሌላ ተክል እንዳይበረክት ስለሚያደርግ ለትንሽ ግቢ አይበጅም። እንግዳውን ዛፍ ለጌጥ አንድ ሁለት መትከል አይከፋም፤ የአገሩ ዛፍ ግን ቅጠሉን የሚበሉ ትሎችንና ነፍሳትን ጭምር ያኖራል፤ ወለላ ቀሳሚዋም ወፍ ብትሆን ጫጩቶቿን የምታሳድገው በነፍሳትና በሸረሪት ስለሆነ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የትኛው ዛፍ በአካባቢው እንደሚስማማ ሊያውቅ የሚወድ ሰው፣ መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት በአቅራቢያው ወዳለው አጸደ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፤ በዙሪያው ያለው አገር በታረሰ ጊዜ እንኳ ወይራው፣ ጥዱ፣ ብሳናውና ዋንዛው በዚያ ቅጥር ውስጥ ስለተጠበቁ፣ የቀበሌው የቀድሞ ዕፅዋት ምስክር ናቸው። የአዲስ አበባ ነዋሪም ከ700 ሄክታር በላይ በሚሰፋው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ተዘዋውሮ የአገር በቀሎችን ቁመትና ጠባይ በዓይኑ ሊመለከት ይችላል።

የተመረጠው ችግኝ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲጸና ይተከላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ ካልተቋረጠበት ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። ዋንዛንና ሾላን ከቤት መሠረትና ከውኃ መውረጃ ማራቅ፣ ግራዋንና ቀጋን ወደ አጥር ማስጠጋት ተገቢ ነው። በአበባ ጊዜ ተባይ ማጥፊያ መርጨት ግን የጠሩትን እንግዳ መርዝ ማጠጣት ነውና ፈጽሞ አይደረግ። ከግቢውም አንዱን ማዕዘን ሳይቆፍሩና ሲሚንቶ ሳያለብሱ መተው ይጠቅማል፤ ማሯ ለመድኃኒት የሚፈለገው ጣዝማ ጎጆዋን የምትሠራው በመሬት ውስጥ ነውና። ጠጠር የተነጠፈበት ዝቅተኛ የውኃ ሳሕንም ንቦች ሳይሰጥሙ እንዲጠጡ ያስችላል።

እንግዲህ ወጪው ከመውጣቱ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ግቢንና ጎረቤትን መመልከት፣ በየወሩ የሚያብበውን በወረቀት መጻፍ፣ ከዚያም ባዶ ሆኖ ለተገኘው ወር ዛፍ መፈለግ ያስፈልጋል። ጎረቤቱ ብሳና ያለው ሰው ብሳናን ደግሞ ከሚተክል ይልቅ በጥር የሚያብበውን ግራዋ ቢተክል ይሻላል፤ ንብ የአጥር ወሰን ስለማታውቅ፣ የሁለቱ ግቢ አበባ ለእርሷ አንድ አጸድ ነውና።