ድንጋይ የምትወጣው ትንሽ መኪና

የተጫነች አህያ ድንጋያማ አቀበት ስትወጣ ያላየ ገበሬ የለም። አህያዋ አትሮጥም። አንዱን እግሯን አስቀድማ ታሳርፋለች። ድንጋዩ እንዳልከዳት ስታውቅ ሌላውን ታነሣለች። ልክ እንደዚህች አህያ ቀስ እያለች ድንጋይ የምትወጣ መኪና አለች። ሰው አይሳፈርባትም። ርዝመቷ ከአንድ ክንድ ትንሽ ይበልጣል። ክብደቷ 2 ወይም 3 ኪሎ ያህል ነው። ነጂዋ አጠገቧ ቆሞ፣ በእጁ በያዘው ማዘዣ በሬዲዮ ሞገድ ያዝዛታል። ሂጂ ሲላት ትሄዳለች፤ ታጠፊ ሲላት ትታጠፋለች።

ይህች መኪና እንዴት እንደምትሻሻል በዚህ ጽሑፍ እንነጋገራለን። መጫወቻ ናት ብለን አንናቃት። እሷን የሚገለብጣት ነገር ትልቁን የጭነት መኪናም የሚገለብጥ ነው።

በድንጋይ ላይ መኪና መንዳት እንደ መዝናኛ የተስፋፋው በአሜሪካ አገር ነው። በካሊፎርኒያ፣ ሲየራ ኔቫዳ በሚባሉት ተራሮች ውስጥ፣ ሩቢኮን የሚባል የድንጋይ መንገድ አለ። በ1953 በጂፕ መኪናዎች ያንን መንገድ የማቋረጥ ጉዞ በማኅበር ተጀመረ። (እዚህ የምንጽፋቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ትልቅ መኪና ሲገለበጥ ግን ሰው ይጎዳል፤ ብዙ ገንዘብም ይጠፋል። ትንሿ ብትገለበጥ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ነው። ታሚያ የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ በሬዲዮ የሚታዘዙ ትንንሽ መኪናዎችን ከ1976 ጀምሮ ይሠራል። በ1987 ክሎድ በስተር የምትባል ባለ ትልልቅ ጎማ መኪና አወጣ። ሁለት ሞተር አላት፤ አንዱ ለፊት ጎማዎች፣ አንዱ ለኋላ። ድንጋይ መውጣት የሚወዱ ሰዎች የዚህችን መኪና አክስሎች እየፈቱ፣ ራሳቸው በሠሩት ሻንሲ ላይ ይገጥሙ ነበር። ፋብሪካዎች ለድንጋይ ብለው የሠሯቸውን መኪናዎች በብዛት ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ፈትቶ መግጠም ለዚህ ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መነሻው ነው።

እኛም ፈትተን ገጥመናል። መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉ ግን ስሕተት ነበር።

መኪናዋ የኛ አልነበረችም። የአንድ ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ንብረት ነበረች። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። አሜሪካ የሚኖሩት አጎቱ ይዘውለት መጡ። ግቢያቸው ካለው ድንጋይ ላይ ሊያወጣት ሞክሮ አቃተው። «እናንተ ተምራችኋል፣ አሻሽሉልኝ» ብሎ ሰጠን። እኛም በሙሉ ልብ ተቀበልን።

መኪና አቀበት ካቃተው ጉልበት አንሶት ነው ብለን አሰብን። የሁለት ወር የሻይ ገንዘባችንን አዋጣን። በሰው በሰው አስፈልገን የበለጠ ፈጣን ሞተር ገዛን። ከማደሪያችን ጀርባ ካለው ድንጋይ ሥር አቆምናትና አዘዝናት። ጎማዎቿ ጮኹ፣ አቧራ አስነሡ፣ የፊት እግሯን ሰቅላ በጀርባዋ ወደቀች። ደግመን ሞከርን። ደግማ ወደቀች። በሦስተኛው አንዱ ጎማ በሁለት ድንጋይ መካከል ተቀረቀረ። እኛ ግን ነዳጅ እንደሚረግጥ ሹፌር ማዘዣውን ጨመቅነው። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን። ከፍተን ስናይ የማርሹ ጥርሶች ረግፈዋል። ማርሹ ከፕላስቲክ የተሠራ ነበር። ጎማው አልዞርም ሲል፣ ሞተሩ ደግሞ እዞራለሁ ሲል፣ መካከል ላይ ያለው ደካማ ነገር ተሰበረ። የሰው ንብረት ሰብረን አረፍነው።

ታዲያ ጥፋታችን ምን ነበር? መኪናዋ የጎደላት ጉልበት አልነበረም። ጎማዋ ድንጋዩን አይጨብጥም። ክብደቷም ያለ ቦታው ተቀምጧል። መሬት ላልጨበጠ ጎማ ጉልበት ቢጨምሩለት ምን ዋጋ አለው? መንሸራተቱን ያፋጥናል እንጂ።

ስለዚህ ከጎማው እንደገና ጀመርን። የትልቅ መኪና ጎማ በአየር ይነፋል። ትንሿ መኪና ግን በአየር ፋንታ ስፖንጅ ነው በጎማዋ ውስጥ ያለው። የኛዋ ስፖንጅ ደረቅ ነበር። ደረቅ ስለሆነ ጎማው ድንጋዩን የሚነካው በጠባብ ቦታ ብቻ ነው፤ እንደ ኳስም ይነጥራል። አሸዋ ወይም ጭቃ ውስጥ የገባ ሹፌር ከጎማው አየር ሲያስተነፍስ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጎማው ሲላላ ይንጠፈጠፋል፤ ሰፊ ቦታም ይይዛል። እኛም ከአሮጌ ፍራሽ ለስላሳ ስፖንጅ ቆርጠን ቀየርነው። ቸርኬው ላይም አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በሳን። ቀዳዳዋ ባትኖር ውስጥ የታፈነው አየር ጎማው እንዳይጨመቅ ያግደዋል። በዚህ ሥራ ያወጣነው ገንዘብ ምንም ነው። ጎማው ግን አሁን ድንጋዩን በሰፊው ይይዛል። 

አሁን ወደ ክብደት እንምጣ። የነገሩ ዋና ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማንኛውም ነገር ክብደቱ ሁሉ እንደ ተሰበሰበባት የምትቆጠር አንዲት ነጥብ አለችው። ከዚያች ነጥብ ላይ ግንበኛ የሚጠቀምበትን ቱምቢ አንጠለጠልን እንበል። የቱምቢው ገመድ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ካረፈ መኪናዋ ትቆማለች። አቀበቱ እየከረረ ሲሄድ ግን ገመዱ ወደ ኋላ ጎማ ይጠጋል። ከኋላ ጎማ ያለፈ ዕለት መኪናዋ ትገለበጣለች። ነጥቧ ከፍ ባለች ቁጥር ገመዱ ቶሎ ወደ ኋላ ያልፋል። ዝቅ ባለች ቁጥር ደግሞ ይዘገያል። ይህን ገበሬ ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። ሁለቱን ከረጢት ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጎ የጫናት አህያ ገደሉን ታልፈዋለች። ያንኑ ክብደት ከጀርባዋ ላይ ቆልሎ ቢጭናት ግን ትወላገዳለች።

ስለዚህ ክብደቱን ሁለት ነገር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዝቅ ማድረግና ወደ ፊት ማምጣት። ወደ ፊት ማምጣት ለምን? መኪና አቀበት ሲይዝ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሸሻል። የፊቶቹ ይቀሉና ድንጋዩን መጨበጥ ያቅታቸዋል። ይህን ሥራ የለመዱ ብዙ ሰዎች ሜዳ ላይ ሲመዘን ከመቶ 60 እጅ ያህሉ በፊት ጎማዎች ላይ እንዲያርፍ ያደርጋሉ።

እኛ ሚዛን የለመንነው ከባለ ሱቅ ነው። የፊት ጎማዎቿን ሚዛኑ ላይ፣ የኋላዎቹን ሚዛኑን በሚያህል ሣጥን ላይ አቆምን። (ሣጥኑ ካነሰ ወይም ከበለጠ መኪናዋ ስለምታዘነብል ሚዛኑ ይዋሻል።) መኪናዋ በጠቅላላው 2,400 ግራም ስትመዝን በፊት ያለው 1,150 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ባትሪዋ የተቀመጠችው ከኋላ አክስል በላይ ነበር፤ 150 ግራም ትመዝናለች። ፈትተን ወደ ፊት አክስል በላይ አመጣናት። ቀጥለን ወደ ጎሚስታ ሄድን። ጎሚስታ የመኪና ጎማ ሲያስተካክል ቸርኬ ላይ የሚለጥፋቸው ትንንሽ ክብደቶች አሉ። ከወዳደቁት ለቅመን 200 ግራም አመጣን። 100ውን በአንዱ የፊት ቸርኬ ውስጥ፣ 100ውን በሌላው ውስጥ ዙሪያውን እኩል አድርገን ለጠፍነው። እነዚህ ክብደቶች ብዙ ጊዜ ከእርሳስ የተሠሩ ናቸው። እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ እጃችንን በሳሙና ታጠብን። ሕፃን ወደ አፉ ከሚወስድበት ቦታም አራቅነው። ገንዘብ ያለው ሰው ለዚሁ ተብሎ ከናስ የተሠራ ክብደት ከፋብሪካ ይገዛል።

እንደገና መዘንን። ጠቅላላው 2,600፣ በፊት ያለው 1,500 ሆነ። ይህ ከመቶ 58 እጅ ያህል ነው።

«ክብደቱን ሻንሲው ላይ ማሰር አይቀልም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። ይቀላል። ነገር ግን ሻንሲው በሞላና በአሞርዛተር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሻንሲው ላይ የተጨመረ ክብደት ከፍ ብሎ ከመቀመጡም በላይ፣ መኪናዋ ጎኗን ስታዘነብል አብሮ ወደዚያው ጎን ይጫናታል። ቸርኬ ውስጥ ያለው ግን ሞላውን አይጫንም፤ ከመሬትም ብዙ አይርቅም። ጉዳት የለውም አንልም። መሪውን የምታዞረው ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮ የሚሏት፣ ሥራ ይበዛባታል። ጎማው በድንጋይ መካከል ሲያዝ ደካማ ሰርቮ መሪውን ማዞር ያቅታታል። የውስጥ ጥርሷ የብረት የሆነና ብርቱ የሆነች መግዛት ግድ ነው። ለሰርቮ ያወጣነውን ገንዘብ አንቆጭበትም። ለዚያ ሞተር ያወጣነውን ግን እስከ ዛሬ እንቆጭበታለን።

ከዚያ ወደ ዲፍረንሻል ዞርን። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጡ የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፍረንሻል ሁለቱ በየፍጥነታቸው እንዲዞሩ ይፈቅዳል። በመንገድ ላይ ጥሩ ነው። በድንጋይ ላይ ግን አንዱ ጎማ ከመሬት ሲነሣ ያ የተነሣው በከንቱ ይሽከረከራል፤ መሬት የረገጠው ደግሞ ይቆማል። ስለዚህ ለድንጋይ የሚሠሩት መኪናዎች ሁለቱ ጎማዎች አብረው እንዲዞሩ ዲፍረንሻላቸው የተቆለፈ ነው። የኛዋ አልተቆለፈችም ነበር። ተቀላቅሎ እንደ ድንጋይ በሚደርቅ ማጣበቂያ ሞልተን ቆለፍናት። ይህ ሥራ ከተሠራ በኋላ መመለሻ ስለሌለው አስቀድመን ልጁን በስልክ አስፈቀድነው። አንድ ጊዜ ያለ ፈቃድ ሰብረናል፤ ይበቃል። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ስትታጠፍ ጎማዋ መሬቱን እየፋቀ ነው። በ2017 ትራክሳስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣት ቲ አር ኤክስ 4 ግን ዲፍረንሻሏ ከማዘዣው በአንድ ቁልፍ ይቆለፋል፣ ይከፈታልም። አክስሏም እንደ ኡኒሞግ መኪና ከጎማው እምብርት ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ሆዷ በድንጋይ በቀላሉ አይያዝም። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ከኛ አቅም በላይ ግን ነበር።

የረገፈውን ማርሽ መተካት ቀረን። ገበሬ ትልቅ ድንጋይ በዲጂኖ ሲፈነቅል ረጅሙን ጫፍ ይዞ ብዙ ይገፋል፤ ድንጋዩ ግን ጥቂት ብቻ ይነቃነቃል። በፍጥነት ያጣውን በኃይል ያገኘዋል። ማርሽም እንዲሁ ነው። ቀድሞ ሞተሩ ላይ ያለው ትንሽ ማርሽ 20 ጥርስ፣ የሚያዞረው ትልቁ 80 ጥርስ ነበረው። ሞተሩ 4 ጊዜ ሲዞር ትልቁ 1 ጊዜ ይዞራል። ትልቁን በዚያው በ80 ጥርስ፣ ግን በብረት ተካነው። ትንሹን ባለ 13 ጥርስ አደረግነው። አሁን ትልቁ 1 ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ከ6 ጊዜ በላይ መዞር አለበት። ፈጣኑንም ሞተር አውጥተን የድሮውን መለስነው። በዚያው ሞተር መኪናዋ ዝግተኛና ብርቱ ሆነች።

ስለ ባትሪው ሳንናገር ብናልፍ ደግ አይደለም። የመኪናዋ ባትሪ በእጅ ስልክ ውስጥ ካለው ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሁለት ክፍል አላት። የእያንዳንዱ መደበኛ መጠን 3.7 ቮልት ነው፤ ስለዚህ በጠቅላላው 7.4 ይሆናል። እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ ከ4.2 ማለፍ፣ ሲያልቅም ከ3 መውረድ የለበትም። እኛ አንድ ማታ ቻርጅ ላይ ሰክተናት ተኛን። ጠዋት ስንነሣ አብጣለች። የእጅ ስልክ ባትሪ አብጦ ክዳኑን ሲያነሣ ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል። ያበጠች ባትሪ ልትቀጣጠል ትችላለች፤ እሳቷም ፈጣን ነው። ስድስት ሰው በተኛበት ክፍል፣ ያውም ከብርድ ልብስ አጠገብ ነበረች። ወዲያው ነቅለን ወደ ውጭ አወጣናት። ከዚያ ወዲያ አልተጠቀምንባትም። አዲሲቱን የምንሞላው በቀን፣ ሰው ባለበት፣ በድንጋይ ላይ አስቀምጠን ነው። አንወጋትም፤ ያበጠ ነገርም ለማስተንፈስ አንሞክርም።

በመጨረሻው ቅዳሜ መኪናዋን እዚያው ድንጋይ ሥር አቆምናት። ማንም አልጮኸም። የፊት ጎማዋ ድንጋዩን ነካ፣ ተንጠፈጠፈ፣ ያዘ። ወገቡ ላይ ስትደርስ አንዱ የኋላ ጎማዋ ከመሬት ተነሣ። ሌላው ግን መዞሩን አላቆመም። ማዘዣውን የያዘው ጓደኛችን ጣቱን እንኳ አልጨመረም። ጫፉ ላይ ወጥታ ቆመች።

እሑድ ለልጁ መለስንለት። ሜዳ ላይ አስኬዳትና ፊቱ ጠቆረ። «ፍጥነቷን የት አደረጋችሁት?» አለን። መልስ አልሰጠነውም። መኪናዋን አንሥተን ግቢያቸው ካለው ድንጋይ ሥር አስቀመጥንለት።