በረዶ፣ የፈላ ውሃ እና ስምንት ሽቦዎች

(ለራዲዮ የተዘጋጀ ዘጋቢ ፕሮግራም)

(ድምፅ፦ ውሃ ይፈላል፤ ተራኪው ሲጀምር ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ኮሎኝ፣ 1825። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንጠራቸው።

ጌኦርግ ኦም በከተማዋ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምራል። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ልጅየውም የመሞከሪያ መሣሪያዎቹን በገዛ እጁ ይሠራል።

ሲብሰለሰልበት የከረመው ጥያቄ አንድ ነው። ሽቦ በረዘመ ቁጥር በውስጡ የሚያልፈው ኮረንቲ በምን ያህል ይቀንሳል?

መልሱን ያበላሸበት ባትሪው ነው። የዚያ ዘመን ባትሪ ገና ሲያያዝ ይበረታል፤ ወዲያው ይደክማል። አሁን የለካው ከአፍታ በኋላ ከሚለካው አይገጥምም። ኦም በዚህ ወላዋይ ምንጭ ተመርኩዞ አንድ ቀመር አወጣ፣ አሳተመም። ቀመሩ ስህተት ነበር።

የፊዚክስ መጽሔት አዘጋጁ ዮሐን ፖገንዶርፍ ያኔ አንድ ምክር ሰጠው፤ ባትሪውን ትቶ ቶማስ ዜቤክ በ1821 ያገኘውን ዘዴ እንዲሞክር። ሁለት ዓይነት ብረቶች ተጋጥመው አንዱ መጋጠሚያ ሲሞቅ፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኮረንቲ ይፈጠራል።

(ለቅንብር፦ እዚህ ሙዚቃ አይግባ። ውሃው ብቻ ይሰማ።)

ተራኪ፦ 1826፣ ጥር። ኦም የቢስመዝ ዘንግ ወስዶ በሁለቱም ጫፍ መዳብ አጋጠመበት። አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ አሞቀ፣ ሌላውን በበረዶ አቀዘቀዘ። ውሃው እስከፈላ፣ በረዶውም ቀልጦ እስካላለቀ ድረስ የሁለቱ ሙቀት ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ኮረንቲውን የሚገፋው ኃይልም እንዲሁ። ባትሪ የነፈገውን እርጋታ ከምድጃና ከበረዶ አገኘው።

ከሽቦው በላይ በቀጭን የወርቅ ጥብጣብ የተንጠለጠለች ማግኔት መርፌ አለች። ኮረንቲ ሲያልፍ መርፌዋ ትዞራለች። ኦም ጥብጣቡን ጠምዝዞ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። የጠመዘዘበት ልክ የኮረንቲው ልክ ነው። አምፔር መለኪያ ገና ባልተሠራበት ዘመን ይህን ያሰበ ሰው ባርኔጣ ይነሳለታል።

ስምንት የመዳብ ሽቦዎች አዘጋጅቷል፤ ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው 2፣ 4፣ 6፣ 10፣ 18፣ 34፣ 66 እና 130 ኢንች። አንዱን ያያይዛል፣ ይጠመዝዛል፣ ይጽፋል። ቀጣዩን ያያይዛል። ስምንቱን ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው። ቁጥሮቹ በዚህ ጊዜ ተስማሙ።

በ1827 ሁሉንም በመጽሐፍ አድርጎ በርሊን አሳተመ። የተቀበለው ግን አልነበረም ማለት ይቀላል። የኮሎኝ ሥራውንም ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ የሸለመው በ1841 ነው። ሙኒክ ላይ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነቱን በ1852 አገኘ፤ በ1854 ሞተ። በ1881 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ጉባኤ የሬዚስታንስን፣ ማለትም ሽቦ ኮረንቲን የሚከለክልበትን ልክ፣ መለኪያ በስሙ ጠራው።

ፕሮግራማችን ሙኒክ ላይ እንዲያልቅ ነበር የታቀደው። አንድ ሌላ ሰው ግን ወደ ማድ ቤት ጎተተን።

(ድምፅ፦ ሊጥ በጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ፤ አክንባሎ ሲከደን)

ተራኪ፦ ጄምስ ጁል ይባላል። የእንግሊዝ ቢራ ጠማቂ ልጅ ነው። በ1840 ገደማ ኮረንቲ የሚያልፍበትን ጥቅል ሽቦ ውሃ ውስጥ ነክሮ በቴርሞሜትር ሙቀቱን ለካ። ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ሆነ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር የደበቀው ጥቅል ሽቦ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ እንውሰድ። 220ን ለ16 ስናካፍል 13.75 ኦም፤ ያ የኦም ሕግ የሚሰጠን የሽቦው ሬዚስታንስ ነው። 220ን በ16 ስናባዛ 3520 ዋት፤ ያ ደግሞ ኃይሉ ነው።

አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሰካ እንበል። ቮልቴጁ ወደ 180 ወረደ። ሽቦው ያው ሽቦ ነው፤ ሬዚስታንሱ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ኮረንቲው ግን 13 አምፔር ገደማ ሆነ። 180 በ13 ሲባዛ 2340 ዋት። ቮልቴጁ አንድ አምስተኛ እንኳ ሳይጎድል ሙቀቱ በሲሶ ወደቀ። ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ወቀሳው በጋጋሪዋ ላይ ይወርዳል፤ እርሾው ነው፣ አብሲቱ ነው ይባላል። ቮልቴጁን የሚጠረጥር የለም። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላም አለ። የሶኬቱ መያዣ ላልቶ ግማሽ ኦም ብቻ ሬዚስታንስ ቢፈጠርበት ኮረንቲው ከ15 አምፔር በላይ ሆኖ ያልፋል። 15.4ን በራሱ፣ ከዚያም በግማሽ ስናባዛው ወደ 120 ዋት ይጠጋል። ከድሮው የመቶ ዋት አምፖል የሚበልጥ ሙቀት፣ አውራ ጣት በምታህል ፕላስቲክ ውስጥ።

ስለዚህ አድማጮቻችን፣ የምጣዳችሁ ሶኬት ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ መጋገሩን አቁሙ። ብሬከሩን አጥፉና ባለሙያ አስጠሩ።