ከቆጮ እስከ ቆሮሶ፦ አንድ ቀን በአርባ ምንጭ

አርባ ምንጭ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ዓሣና አዞ ነው። ወደ ጂንካ የሚያልፈው መንገደኛ ደግሞ አድሮባት፣ ዓሣውን በልቶ፣ በማግስቱ ማልዶ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ለመጡት ጓደኞቼ ከዚህ የተለየ ነገር ላሳያቸው ፈልጌ ነበር። የጋሞን ገበታ ለማወቅ ከተራራው ጀምሮ እየበሉ ወደ ሐይቁ መውረድ ያስፈልጋል። ዶርዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ ጫሞ ሐይቅ 1,110 ሜትር አካባቢ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም እንሰቱ፣ ገብሱ፣ ሽፈራው፣ ሙዙና ዓሣው በየከፍታቸው ተራ ይዘው ይጠብቃሉ።

🔹 ጠዋት፦ ዶርዜ

ሐሙስን የመረጥነው ለገበያው ብለን ነው። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ይቆማል። ከአርባ ምንጭ የታችኛው ክፍል ከሲቀላ ተነስተን የጨንቻን ዳገት ስንያያዘው ሙቀቱ በየጠመዝማዛው እየቀነሰ ሄደ። ከታች ሙዝና ማንጎ የነበረው ጓሮ፣ ከላይ ስንደርስ ቀርከሃና እንሰት ሆነ። ሹራብ ያልያዙት ጓደኞቼ ገና ገበያው ሳይደርሱ ጋቢ መጠየቅ ጀመሩ።

ቁርሳችን ቆጮ ነበር። አዘገጃጀቱን ያሳዩን እናት እንሰቱን በቀርከሃ መፋቂያ እየፋቁ አስረዱን። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበርና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይብላላል። ከዚያ ውኃው ይጨመቃል፣ ቃጫው ይከተፋል፣ ሊጡ ይታሻል፣ በቅጠል ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ትኩሱን ቆጮ በማርና በዳጣ በላነው። የቆጮው ኮምጣጣነት፣ የማሩ ጣፋጭነትና የዳጣው ማቃጠል አንድ ጉርሻ ላይ ሲገናኙ፣ ቆጮን ከክትፎ ጋር ብቻ የሚያውቁት ጓደኞቼ ዝም ብለው መብላት ያዙ።

ከእንሰቱ የሚጣል ነገር እንደሌለም እዚያው አየን። ቅጠሉ መጠቅለያ፣ ቃጫው ገመድ፣ የግንዱ ሽፋን ደግሞ የቤት ክዳን ይሆናል። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠርቶ በዚሁ በእንሰት ሽፋን የሚለበስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ፊት ለፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ሰዎች ተሰብስበው አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩትም ይችላሉ። ከብቶቹ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ለዚያ ብርድ ትንፋሻቸው ማሞቂያ ነው።

ከዚያ ወደ ሸማኔው ዘንድ ሄድን። በዶርዜ ባህል ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። መወርወሪያው በድሩ መሐል ሲመላለስ ያየች አንዲት ጓደኛችን የአዲስ አበባው የሸማኔዎች ሰፈር የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት። ይህን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የመጣበትን ሀገር ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነው። በደጋው የእርሻ መሬት ጠባብ በመሆኑ የጋሞ ሸማኔዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ፈለሱ። በየበዓሉ የምንለብሰው ሸማ ብዙው ከእነሱና ከልጆቻቸው እጅ የወጣ ነው። እሷ ጋቢ ገዛች፣ ሌሎቻችን ደግሞ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩን የዱንጉዛ ልብስ። ከገበያው የጨንቻ አፕል ይዘን፣ ባህላዊ መጠጡን ቦርዴን ቀምሰን ቁልቁል ጀመርን።

🔹 እኩለ ቀን፦ ሴቻ

አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል፦ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው ሴቻና ከታች ያለችው ሲቀላ። ከሴቻ አፋፍ ላይ ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ። በስተግራ ወንዞች በሚያመጡት አፈር የቀላው አባያ፣ በስተቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸው ደግሞ የእግዜር ድልድይ የተባለው የመሬት አንገት። ከእግራችን ሥር ያለው ጥቅጥቅ ደን የምንጮቹ ደን ነው። ጠዋት በነበርንበት ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ መሬት ውስጥ ሰርጎ በገደሉ ግርጌ ይፈልቃል፤ ደኑ የሚለመልመው፣ ከተማውም የሚጠጣው ከዚሁ ውኃ ነው።

ከደኑ ወዲያ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ይታያል። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚያ መንገድ ላይ የሞተ ወፍ አግኝተው አንድ ክንፉን ብቻ ይዘው ሄዱ። በዚያ ክንፍ ከ5 ዓመት በኋላ ለሳይንስ አዲስ የሆነ የወፍ ዝርያ ተመዘገበ።

አንዱ ጓደኛዬ ስለ ጋሞ ሽማግሌዎች የጠየቀኝም እዚሁ አፋፍ ላይ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች ሲገደሉ የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ ወጥተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ በቀል እንዳይፈጽሙ እየለመኑ ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሣሩን ተሻግረው አልሄዱም። አርባ ምንጭን ለእንግዳ ሳሳይ ይህን ሳልናገር አላልፍም፤ ከሐይቆቹ እኩል የምኮራበት ነው።

🔹 ምሳ፦ ሲቀላ

ሲቀላ ወርደን ዓሣ ቤት ገባን። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንዳለ ተጠብሶ፣ ጎኑ ተሰነጣጥቆ መጣ። ከትልቁ ዓሣ ከናይል ፐርች ደግሞ ጉላሽና ዱለት አዘዝን። ቆሮሶውን ጥርት አድርጎ ለመብላት በእጅ ነው፤ ከጀርባው ጀምራችሁ ሥጋውን ከአጥንቱ ላይ ሳብ ታደርጉታላችሁ። ሎሚ፣ ዳጣና ዳቦ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከልቤ ልበል። የጫሞ ዓሣ ከመጠን በላይ በመጠመዱ ተጎድቷል። ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ገና ያልወለደውን ጫጩት ሁሉ ያወጣል። ስለዚህ ጫጩቱን ሲያመጡላችሁ ትልቁን ጠይቁ፤ ከሌለም ሌላ ምግብ እዘዙ። ሐይቁን የሚጠብቀው መንግሥት ብቻ ሳይሆን የሚበላውም ሰው ነው።

🔹 ከሰዓት በኋላ፦ ጫሞ

ጀልባ የተሳፈርነው ፀሐይዋ በረድ ስትል ነው። የአዞ ገበያ የሚባለው የኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ የሚገባበት አካባቢ ነው። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ይነሣና ከተማውን አቋርጦ እዚህ ይደርሳል፤ እኛም በመኪና የወረድነው እሱ የወረደውን ቁልቁለት ነው። አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ዳር ላይ ተጋድመዋል፣ ጉማሬዎቹ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ፣ ፔሊካኖቹ ደግሞ ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ አይርቁም። የሕይወት አድን ጃኬት ሳትለብሱ እንዳትሳፈሩ፤ እጃችሁንም ውኃ ውስጥ አታስገቡ።

🔹 ማታ፦ ኩርኩፋ

እራታችንን የበላነው እዚያው ከተማ ባለች ጓደኛችን እናት ቤት ነው። "ዓሣ ጠግባችሁ መጥታችኋል፤ አሁን የኛን ብሉ" አሉን። ኩርኩፋ የበቆሎ ወይም የማሽላ ዱቄት ተቦክቶ፣ ተድበልብሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀል ምግብ ነው። የሽፈራው ዛፍ በዚህ ቆላ በየጓሮው አለ። ድርቅን ስለሚችል ሌላው አትክልት ሲጠወልግ እሱ ቅጠል ይሰጣል። በከተማ ዱቄቱን በላስቲክ ታሽጎ እንደ መድኃኒት እንገዛዋለን፤ እዚህ ግን የዘወትር ጎመን ነው። በየምግብ ቤቱ ዝርዝር ላይ ከዓሣው ጎን ሊጻፍ ይገባዋል እላለሁ።

📌 ለምትሄዱ

ለዶርዜ ሰኞን ወይም ሐሙስን ምረጡ፤ ሹራብ ያዙ። ሙዙን ከላንቴና ከጫኖ መንገድ ዳር ግዙ፣ ሸማውን ከሸማኔው እጅ። ኩርኩፋ የሚሠራላችሁ ሰው አስቀድማችሁ አፈላልጉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘባችሁን አንድ ሆቴል ውስጥ ብቻ አታውጡት። ቆጮ የምትጋግረው እናት፣ ሸማኔው፣ ሙዝ ሻጩና ባለ ጀልባው ሁሉም ከእናንተ መምጣት ድርሻ አላቸው፤ ከላይ እስከ ታች አዳርሱት።